ስሙ ያልሰፈረው ነዳፊ፤ ቪልሄልም ማይባህና የ1885ቱ ሞተር ብስክሌት

በጀርመን ንጉሠ ነገሥታዊ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ቁጥሩ 36423 የሆነ አንድ ሰነድ አለ። ቀኑ ኦገስት 29 ቀን 1885 ነው። ርዕሱ «የጋዝ ወይም የፔትሮሊየም ሞተር ያለው ተሽከርካሪ» ይላል። ከሰነዱ ጋር የተያያዘው ሥዕል ፊትና ኋላ የተሰለፉ ሁለት ትልልቅ የእንጨት ጎማዎችን፣ በመካከላቸው ቀጥ ብሎ የቆመ ሞተርንና ከሞተሩ በላይ የፈረስ ኮርቻ የመሰለ መቀመጫን ያሳያል። የሞተር ብስክሌትን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኞቹ ከዚህ ሥዕል ይነሣሉ። በሰነዱ ላይ የሰፈረው የባለመብት ስም አንድ ብቻ ነው፤ ጎትሊብ ዳይምለር።

ሞተሩን በወረቀት ላይ የነደፈው፣ የነዳጁን አቀራረብ የፈታው፣ ያንን ሁሉ ብረት ወደ አንድ የሚሄድ ነገር የለወጠው ዋና ሰው ግን ቪልሄልም ማይባህ ነበር። ስሙ በሰነዱ ላይ የለም። ለአብዛኛው ሰው ማይባህ ማለት ዛሬ ባለጸጎች የሚነዱት ውድ መኪና ነው፤ ሞተር ብስክሌት ከስሙ ጋር ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ አንድ ጉዳይ ነው። የሠራው ሰው ስም እንዴት ከሰነዱ ውጭ ቀረ? «ዳይምለር ሰረቀው» የሚለው መልስ ለመናገር ይጥማል፤ የሁለቱን ሰዎች ግንኙነት ለሚያውቅ ግን አያስኬድም። እኔ እንደማየው መልሱ የሚገኘው በአንድ የቅጥር ውልና በአንድ የሕግ መርሕ ውስጥ ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሙት ልጆች ማሳደጊያ እስከ ዶይትስ

ማይባህ በ1846 በሃይልብሮን ከተማ ከአንድ አናጢ ቤት ተወለደ። አሥር ዓመት ሲሞላው እናቱንም አባቱንም ሞት ወስዶበት ነበር። የቤተሰቡ ወዳጆች በጋዜጣ የእርዳታ ጥሪ አወጡ። ጥሪውን የተቀበለው በሮይትሊንገን ከተማ ጉስታቭ ቬርነር የተባለ የፕሮቴስታንት ሰባኪ ያቋቋመው ማሳደጊያ ነበር። ይህ ቤት ልጆችን ከማብላትና ከማልበስ አልፎ የራሱ ፋብሪካና የማሽን ወርክሾፕ ነበረው፤ ልጆቹም ሙያ የሚማሩት እዚያው ነበር። ማይባህ እጁ ለሥዕል የተፈጠረ መሆኑ ቶሎ ታወቀና ወደ ንድፍ ክፍሉ ተመደበ።

በ1860ዎቹ አጋማሽ ላይ የወርክሾፑ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የመጣው ዳይምለር ይህን ልጅ አየው። ዳይምለር በሾርንዶርፍ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው። በመጀመሪያ የጠመንጃ አንጥረኛ ሆኖ ሠልጥኖ፣ በኋላ ምህንድስና ተምሯል። ከማይባህ 12 ዓመት ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ ዳይምለር ወደ ሄደበት ሁሉ ማይባህ ተከትሏል። በ1869 ወደ ካርልስሩኸ፣ በ1872 ደግሞ በኮሎኝ አጠገብ ወዳለው የዶይትስ ሞተር ፋብሪካ አብረው ሄዱ። ዳይምለር የፋብሪካው የቴክኒክ ኃላፊ፣ ማይባህ ደግሞ የንድፍ ቢሮው አለቃ ሆነ።

የዶይትስ ባለቤቶች ኒኮላውስ ኦቶና ኦይገን ላንገን ነበሩ። በ1876 ኦቶ በአራት ምት የሚሠራውን ሞተር አሳካ፤ ፒስተኑ አንዴ ይስባል፣ አንዴ ያምቃል፣ ነዳጁ ተቀጣጥሎ አንዴ ይገፋዋል፣ አንዴ የተቃጠለውን ያስወጣል። የዛሬ ቤንዚን ሞተሮች አሁንም በዚሁ ሥርዓት ይሠራሉ። ይህ ሞተር ለገበያ በብዛት እንዲመረት አድርጎ ያስተካከለው የማይባህ ቢሮ ነበር። ይሁን እንጂ ዓለም የሚያውቀው «የኦቶ ሞተር» ብሎ ነው። ማይባህ ገና 30 ዓመቱ ነው፤ የሠራው ሥራ በሌላ ሰው ስም ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ኦቶና ዳይምለር አልተስማሙም። ጠቡ የባሕርይም፣ የሥራ አቅጣጫም ነበር። ዶይትስ ከፋብሪካ ወለል ላይ የማይነቃነቁ ከባድ ሞተሮችን እየሸጠ ጥሩ ትርፍ ያገኝ ነበር፤ ዳይምለር ደግሞ ሞተሩ ቀልሎ በመሬት፣ በውኃና በአየር እንዲሄድ ይመኝ ነበር። በ1882 ተለያዩ። ዳይምለር ድርሻውን ይዞ በሽቱትጋርት አጠገብ ወዳለችው የካንሽታት ከተማ ሄዶ፣ በሰፊ የአትክልት ቦታ የተከበበ ቪላ ገዛ።

ውሉ

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የሚጀምረው። ዳይምለር ከዶይትስ ከመውጣቱ በፊት በኤፕሪል 1882 ከማይባህ ጋር ውል ተፈራረመ። ማይባህ በካንሽታት የዳይምለር መሐንዲስና ነዳፊ ሆኖ ይቀጠራል፤ ዳይምለር የሚሰጠውን የማሽን ሥራ ጥያቄ ሁሉ ያጠናል፣ ይነድፋል፣ በተግባር ያውላል። ደመወዙ በዓመት 3,600 ማርክ ነው። ወደፊት ድርጅት ቢቋቋም ደግሞ ድርሻ እንደሚኖረው ተስፋ ተሰጥቶታል።

ለዚያ ዘመን ይህ መጥፎ ውል አልነበረም። ማይባህ ሚስት አግብቷል፣ ልጅ ወልዷል፤ ከትልቅ ፋብሪካ ወጥቶ ገና ምንም ወዳልተሸጠበት የአትክልት ቤት መሄድ ድፍረት ይጠይቃል፤ ቋሚ ደመወዝ ደግሞ ዋስትና ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው፣ ኪሣራ ቢመጣ የሚሸከመው ዳይምለር ነበር። ውሉ ግን አንድ ነገር ወስኗል። ከማይባህ ጠረጴዛ የሚወጣው ሥዕል ሁሉ የዳይምለር ንብረት ነው።

ሕጉም ይህንኑ አጠናከረው። የ1877ቱ የጀርመን የፓተንት ሕግ መብቱን የሚሰጠው ቀድሞ ላመለከተው ሰው ነበር። ነገሩን ያሰበው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ መሥሪያ ቤቱ አይጠይቅም፤ የፈልሳፊው ስም በሰነዱ ላይ እንዲጻፍም የሚያስገድድ ነገር አልነበረም። ባለፋብሪካው አመልክቶ ባለመብት ይሆናል፣ ነዳፊው ደመወዙን ተቀብሎ ይሄዳል። ይህ የዳይምለር ብልሃት አልነበረም፤ በመላ ጀርመን ያሉ በሺህ የሚቆጠሩ የፋብሪካ መሐንዲሶች በዚሁ ሕግ ሥር ይሠሩ ነበር። ሕጉ ተለውጦ ለፈልሳፊው ቅድሚያ የሰጠውና ስሙም በሰነዱ ላይ እንዲሰፍር ያደረገው በ1936 ነው። ማይባህ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር።

በአትክልት ቤቱ ውስጥ

ወርክሾፑ የቪላው የአትክልት ማሳደጊያ የመስታወት ቤት ነበር፤ ዳይምለር ጎኑን በጡብ አስፋፍቶ ሠራበት። ሁለቱም ሥራቸውን በምሥጢር ይዘውት ስለነበር ቀንም ሌሊትም በር ዘግተው ብረት ይቀጠቅጣሉ። አትክልተኛው ነገሩ አላማረውም፤ ሰዎቹ ሐሰተኛ ገንዘብ እያተሙ ነው ብሎ ለፖሊስ አመለከተ። ፖሊሶቹ በአትክልተኛው ቁልፍ ገብተው ፈተሹ። ያገኙት ሞተርና መሣሪያ ብቻ ነበር። ምሥጢሩን እንዲህ ያጠበቁት ከተፎካካሪ ዓይን ለመሸሽ ብቻ አይመስለኝም፤ የአራት ምቱ ሞተር ፓተንት በዶይትስ እጅ ስለነበር፣ ከቀድሞ ቀጣሪያቸው ጋር ፍርድ ቤት የመቆም ሥጋትም ነበረባቸው። ያ ፓተንት የፈረሰው በጃንዋሪ 1886 ነው። ምክንያቱም አልፎንስ ቦ ደ ሮሻ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ የአራት ምቱን ሐሳብ በ1862 ባሳተመው ጽሑፍ አስቀድሞ ገልጾት መገኘቱ ነበር። እሱም ሌላ የተረሳ ሰው ነው፤ ሞተር ግን አልሠራም።

የነበረባቸው ችግር እንዲህ ነው። የኦቶ ሞተር በደቂቃ ከ200 ዙር በታች ነበር የሚዞረው። አንድ ሞተር በቀስታ ሲዞር በቂ ጉልበት እንዲሰጥ ትልቅ መሆን አለበት፤ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ከባድ ነው፤ ከባድ ሞተር ጎማ ላይ አይሰቀልም። ስለዚህ ማቅለል ማለት በፍጥነት ማዞር ማለት ነው። በፍጥነት እንዳይዞር ያገደው ደግሞ ማቀጣጠያው ነበር። በኦቶ ሞተር ላይ የምትነድ ትንሽ ነበልባል በተንሸራታች መዝጊያ በኩል ለእያንዳንዱ ፍንዳታ አንዴ ወደ ሲሊንደሩ ትቀርባለች፤ መዝጊያው ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሊከፈትና ሊዘጋ አይችልም።

ማይባህ በወቅቱ የሚታወቁትን መንገዶች አንድ በአንድ መረመረ። መጨረሻ ላይ የመረጡት የጋለ ቱቦን ነው። ከሲሊንደሩ ራስ የምትወጣ ጫፏ የተዘጋ ትንሽ ቱቦ በውጭ በኩል በመብራት እሳት ሁልጊዜ ትግላለች። ፒስተኑ ነዳጅና አየሩን ሲያምቀው ድብልቁ ወደ ጋለው ቱቦ ይገባና በራሱ ይቀጣጠላል። የሚከፈት የለም፣ የሚዘጋ የለም። የቱቦው ሐሳብ ከእነርሱ በፊትም የታወቀ ነበር፤ የእነርሱ ድርሻ በፈጣን ሞተር ላይ እንዲሠራ እስኪገራ ድረስ መታገስ ነበር። በዲሴምበር 16 ቀን 1883 የፓተንት ቁጥር 28022 ተመዘገበ። ሞተሩ በደቂቃ 600 ዙር ደረሰ፤ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ቀጥሎ ማይባህ ሞተሩን አቆመው። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ቮላኖው፣ ማለትም የሞተሩን ዙር የሚያስተካክለው ከባድ መንኰራኩር፣ ዘይት በሚይዝ የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሆነ። መልኩ ወለል ላይ የሚቆም ረጅም ሰዓት ስለሚመስል በዚያ ቅጽል ስም ተጠራ። የተዘጋው ሣጥን ትልቅ ነገር ነበር፤ አቧራ አይገባም፣ ዘይት አይረጭም፣ የሚዞረው ብረት የተቀመጠበትን ሰው እግር አይመታም። በኤፕሪል 1885 ይህም በዳይምለር ስም ተመዘገበ።

ነዳጁ ሌላ ራስ ምታት ነበር። የዶይትስ ሞተሮች የሚሠሩት ከከተማ የጋዝ መስመር በሚመጣ ጋዝ ስለነበር ከግድግዳ ጋር የታሰሩ ነበሩ። እነ ማይባህ የመረጡት ልብስ ለማጽዳት ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን ቀላል ቤንዚን ነው። ፈሳሽ ግን እንዳለ አይቃጠልም፤ በትክክለኛ መጠን ከአየር ጋር መደባለቅ አለበት። ማይባህ በቤንዚኑ ላይ የሚንሳፈፍ ክፍል ያለው ካርቡሬተር ሠራ። አየሩ በቤንዚኑ ውስጥ ሲያልፍ ተን ይዞ ይወጣል፤ ተንሳፋፊው ደግሞ ቤንዚኑ እየጎደለ ሲሄድ አብሮ ስለሚወርድ የድብልቁ መጠን እንዳይለዋወጥ ያደርጋል። በእኔ ግምት ከካንሽታት ሥራዎች ሁሉ የማይባህን አእምሮ ይበልጥ የሚያሳየው ይህ ነው። የሚያወዛውዝ መንገድ ላይ የሚሄድ ሞተር ከፋብሪካ ሞተር የሚለየው በክብደቱ ብቻ አይደለምና።

ከኮርቻው ሥር ያለው እሳት

ሞተሩን ለመፈተን የሚሸከመው ነገር ያስፈልግ ነበር። ሁለት ጎማ ለምን? ስለ ብስክሌት ተጨንቀው ነው ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን ማሽኑን ላየ ሰው መልሱ ግልጽ ነው። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሊገፋው የሚችለው ከሁሉ ቀላሉን ተሽከርካሪ ነበር።

አካሉ እንጨት ነው። ጎማዎቹም እንጨት ሆነው በብረት ቀለበት ታስረዋል፤ አየር የሚሞላ ጎማ ገና ገበያ ላይ አልነበረም። በግራና በቀኝ እንዳይወድቅ የሚደግፉት ሁለት ትንንሽ ጎማዎች በስፕሪንግ ተሰቅለዋል። በመካከል ያለው ሞተር 264 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 90 ኪሎ ግራም ገደማ። ጉልበቱ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በቺንጋ ሲሆን ሁለት ፍጥነት አለው፤ አንደኛው በሰዓት 6፣ ሁለተኛው 12 ኪሎ ሜትር። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመቀየር ግን ቆሞ ቺንጋውን ከአንድ ፑሊ ወደ ሌላው ማዛወር ያስፈልጋል። ቺንጋውን የሚያጠብቅ ሮለር እንደ ፍሪሲዮን ያገለግላል፤ ሲላላ ሞተሩ በባዶ ይዞራል፣ ሲጠብቅ ጎማው ይንቀሳቀሳል።

በብስክሌት ሥራ ዓይን ካየነው ደካማ ነገር ነው። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር የጆን ኬምፕ ስታርሊ ብስክሌት እኩል ለመሆን የተቃረቡ ሁለት ጎማዎች፣ የኋላውን ጎማ የሚያዞር ሰንሰለትና ወደ ኋላ ያዘነበለ የፊት ሹካ ይዞ ወጥቶ ነበር። የካንሽታቱ ማሽን መሪ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ቁጭ ያለውን ሰው ሚዛን አይጠብቅለትም። ለዚህ ነው የጎን ጎማዎቹ የግድ የሆኑት። አንዳንድ ጸሐፊዎች ለእነዚያ ሁለት ትንንሽ ጎማዎች ሲሉ ሞተር ብስክሌት ብለው ሊጠሩት አይፈልጉም። ክርክሩ ብዙም አይማርከኝም፤ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ብስክሌት ልሥራ ብለው አልተነሡም።

በኖቬምበር 1885 ማሽኑ ከአትክልት ቤቱ ወጥቶ በኔካር ወንዝ አቅራቢያ ከካንሽታት ወደ ኡንተርቱርክሃይም ሄደ፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል። ማን ነዳው? አንዳንድ ታሪኮች ማይባህ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የዳይምለር ልጅ የነበረውን ፓውልን ያስቀምጣሉ። የማቀጣጠያው የጋለ ቱቦ የሚገኘው ከኮርቻው ሥር ስለነበር በጉዞው ላይ መቀመጫው እሳት እንደያዘም ይነገራል። የመጀመሪያው ሞተር ብስክሌት ነጂ ማን እንደሆነ እንኳ ሁለት ወገን መኖሩ ይህን ጉዳይ በደንብ ይገልጸዋል። የዳይምለር ቤተሰብ ስም ያለበት ታሪክ ሲደገም ይኖራል፤ የተቀጣሪው ታሪክ ፈላጊ ይፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወደ ሁለት ጎማ አልተመለሱም። በ1886 ዳይምለር ለሚስቱ ስጦታ ነው ብሎ ከሽቱትጋርት ሠረገላ ሠሪዎች ሠረገላ አዘዘና የበለጠ ሞተር ገጠመበት። በዚያው ዓመት ሞተሩን በጀልባ ላይ አድርገው በኔካር ወንዝ ተንሳፈፉ። ሰዉ ቤንዚን ይፈነዳል ብሎ ስለሚፈራ ዳይምለር በጀልባዋ ዙሪያ የሸክላ ማያያዣና ሽቦ አስቀምጦ በኤሌክትሪክ የምትሄድ አስመሰላት። በ1888 ደግሞ በፍሪድሪሽ ቮልፈርት የአየር መርከብ ላይ ሰቀሉት። ሞተር ብስክሌቱ ለእነርሱ የሞተር መሞከሪያ ነበር፤ ሥራውን ጨረሰ፣ ተቀመጠ። በ1903 የካንሽታት ፋብሪካ ሲቃጠል ማሽኑም አብሮ ነደደ። ዛሬ በሙዚየሞች የሚታዩት ሁሉ ቅጂዎች ናቸው።

የቀደሙትና ጎን ለጎን የነበሩት

ስለ ተረሱ ሰዎች ሲነሣ ማይባህ ብቻውን አይቆምም። በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት የሮክስበሪ ነዋሪ የነበረው ሲልቬስተር ሮፐር ከካንሽታት ከ15 ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በ1860ዎቹ መጨረሻ፣ በእንፋሎት የሚሄድ ባለሁለት ጎማ ሠርቷል። በፈረንሳይ ደግሞ ሉዊ ጊዮም ፔሮ በዚያው ዘመን ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ሚሾ በተባለ ሠሪ ብስክሌት ላይ ገጥሟል። ሮፐር እስከ እርጅናው ድረስ አልተወውም። በጁን 1896 በ70ዎቹ ዕድሜው በካምብሪጅ የብስክሌት መወዳደሪያ ሜዳ ላይ አዲሱን የእንፋሎት ብስክሌቱን በፍጥነት እየነዳ ሳለ ሕይወቱ አለፈ፤ ምክንያቱም የልብ ድካም ተባለ። «ሞተር ብስክሌት» ስንል በሞተር የሚሄድ ባለሁለት ጎማ ማለታችን ከሆነ ቀዳሚነቱ የእነ ሮፐር ነው። የቤንዚኑን ስንል ብቻ ነው ካንሽታት የምትቀድመው።

እንግሊዛዊው ኤድዋርድ በትለር ይበልጥ ያሳዝነኛል። በ1884 በለንደን በተካሄደው የስታንሊ የብስክሌት ትርዒት ላይ በቤንዚን የሚሄድ ባለሦስት ጎማ ንድፍ አቅርቦ ነበር፤ የማይባህ ማሽን ገና አልተወለደም። ግን ገንዘብ አጣ፤ ማሽኑ የተሠራው በ1888 ነው። ሲሠራ ደግሞ የእንግሊዝ ሕግ ጠበቀው፤ በሞተር የሚሄድ ተሽከርካሪ በገጠር በሰዓት ከ4 ማይል፣ በከተማ ከ2 ማይል በላይ እንዳይሄድ ይከለክል ነበር። ያ ማለት ከሰው እርምጃ አይበልጥም። በትለር ባለሥልጣናቱ በመንገድ ላይ መጠቀምን ስለማይፈቅዱ ሥራውን እንደተወ ራሱ ጽፏል። ሕጉ በ1896 ሲሻር ማሽኑ ተፈታትቶ፣ የፓተንቱም መብት ተሸጦ ነበር።

ማይባህና በትለርን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ አንድ ነገር ይታየኛል። በትለር ስሙ በፓተንቱ ላይ አለ፤ ዳይምለርን የመሰለ ገንዘብ ያለው ሰው ግን አልነበረውም። ማይባህ ዳይምለር ነበረው፤ ስሙ ግን የለም። ሁለቱንም ያገኘ የዚያ ዘመን መሐንዲስ ማግኘት ቀላል አይደለም።

በገበያ ላይ ለሽያጭ በብዛት የተመረተው የመጀመሪያው ሞተር ብስክሌት ደግሞ ከሌላ ከተማ መጣ። በ1894 በሙኒክ የሂልደብራንድ ወንድማማቾችና አሎይስ ቮልፍሙለር፣ ሐንስ ጋይዘንሆፍ ከተባለ መካኒክ ጋር ሆነው፣ 1,489 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነ ባለሁለት ሲሊንደር ማሽን አወጡ። የፒስተኖቹ ዘንጎች ልክ በባቡር ላይ እንዳለው በቀጥታ የኋላውን ጎማ ያዞራሉ፤ ቮላኖ የለም፣ ጎማው ራሱ ቮላኖ ነው፣ ፍሪሲዮንም የለም። ነጂው እየገፋ ሮጦ ሲነሣ ይዘልበታል። እስከ 45 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄድ ነበር፤ ነገር ግን በቀስታ ሲሄድ ይንገጫገጫል፣ ለማስነሣትም ያስቸግራል። ድርጅቱ በ1897 ተዘጋ። ሞተሩን ከታች፣ ፔዳሉ በነበረበት ቦታ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያስቀመጡትና ዛሬ የምናውቀውን ቅርጽ የሰጡት የፓሪሱ የቬርነር ወንድማማቾች ናቸው፤ በ1901። የሙኒኩን ጋይዘንሆፍ የሚያነሣ ጽሑፍ ብዙም አይገኝም፤ ስሙ በኩባንያው ስም ውስጥ አልነበረምና።

ማይባህ ከዚያ ወዲህ

በ1889 ማይባህ ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ትርዒት አራት ጎማ ያለው ቀላል መኪና ነደፈ። ዳይምለር ሞተሩን በየትኛውም ሠረገላ ላይ መግጠም ይበቃል የሚል ዝንባሌ ሲኖረው፣ ማይባህ ሞተርና አካል አብረው መነደፍ አለባቸው ባይ ነበር። አካሉን ከብረት ቱቦ፣ ጎማዎቹን ከሽቦ ራጅ አድርጎ የሠራለት በኔካርዙልም የሚገኝ የብስክሌት ፋብሪካ ነው። ያ ፋብሪካ በኋላ ኤንኤስዩ በሚል ስም ሞተር ብስክሌት መሥራት ጀምሮ በ1950ዎቹ ከዓለም ትልቁ የሞተር ብስክሌት አምራች ሆኗል።

በ1890 ከባለሀብቶች ጋር የዳይምለር ሞተሮች ኩባንያ ሲቋቋም በ1882 የተሰጠው የድርሻ ተስፋ ተፈተነ። ማክስ ዱተንሆፈርና ቪልሄልም ሎሬንስ የተባሉት ባለሀብቶች ማይባህን ሊቀበለው በማይችለው ሁኔታ ሊያስገቡት ፈለጉ፤ በፌብሩዋሪ 1891 ጥሏቸው ወጣ። ዳይምለር ግን አልተወውም። በራሱ ገንዘብ በካንሽታት የሄርማን ሆቴልን የዳንስ አዳራሽ ተከራይቶ ወርክሾፕ አደረገለት። ማይባህ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቤንዚኑን በቀጭን አፍ የሚረጭ ካርቡሬተር ፈጠረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተሠሩት የመኪናና የሞተር ብስክሌት ካርቡሬተሮች ሁሉ ማለት ይቻላል የዚያ ዝርያ ናቸው። ለዚህ ነው በ«ሰረቀው» ታሪክ የማልስማማው፤ ሰው የሰረቀውን ሰው አዳራሽ አይከራይለትም።

በ1895 እንግሊዛዊው ነጋዴ ፍሬድሪክ ሲምስ በዳይምለር ሞተሮች ለመጠቀም ፈቃድ 350,000 ማርክ ሊከፍል ሲስማማ፣ በዚያ ጊዜ ከኩባንያው ተለይቶ የነበረው ዳይምለር ወደ ኩባንያው እንዲመለስ ሁኔታ አስቀመጠ፤ ከዳይምለር ጋር ማይባህም የቴክኒክ ኃላፊ ሆኖ ተመለሰ። ዳይምለር በ1900 ሞተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማይባህ በነደፈው ባለ 35 የፈረስ ጉልበት መኪና የመርሴዲስ ስም ተወለደ፤ እሱም የነጋዴው የኤሚል የሊኔክ ልጅ ስም ነው። ፈረንሳዮች ማይባህን «የነዳፊዎች ንጉሥ» አሉት። በኩባንያው ውስጥ ግን ጠባቂው ሞቶበታል፤ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ተገፋና በ1907 ወጣ። ቦታውን የተረከበው ፓውል ዳይምለር ነው፤ በአንዱ ታሪክ መሠረት በ1885 በዚያ በሚነደው ኮርቻ ላይ የተቀመጠው ልጅ።

ማይባህ ከልጁ ከካርል ጋር ሆኖ ከ1909 ጀምሮ ለዜፔሊን የአየር መርከቦች ሞተር የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። የሽቱትጋርት የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በ1916 የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በዲሴምበር 1929 ሲሞት የተቀበረው ከዳይምለር መቃብር በማይርቅ ስፍራ፣ በካንሽታት ነው።

ድርሻውን ብከፍል

የጉዳዩ ፈራጅ ብሆን ለዳይምለር ዓላማውን፣ ገንዘቡን፣ ሥጋቱንና ሰውን የመምረጥ ዓይኑን እሰጠዋለሁ። እነዚህ ትንሽ ነገር አይደሉም፤ ያለ እነርሱ ማይባህ በዶይትስ የንድፍ ቢሮ ውስጥ ጥሩ ደመወዝ እየበላ ያረጅ ነበር። የማቀጣጠያው ቱቦ የሁለቱም ነው፤ ዳይምለር የፓተንቱን ቃል ቀርጿል፣ ማይባህ አሠርቶታል። የቆመው ሞተር፣ የተዘጋው የቮላኖ ሣጥን፣ ካርቡሬተሩ፣ የማሽኑ አጠቃላይ ንድፍ ግን የማይባህ ጠረጴዛ ሥራ ነው። በሁለት ጎማ ላይ መቀመጡን በተመለከተ ለሁለቱም ብዙ አልሰጥም፤ እዚያ ላይ ሮፐርና ፔሮ ቀድመዋል፣ ስታርሊ በልጧል፣ የቬርነር ወንድማማቾች ጨርሰውታል። የፓተንት ቁጥር 36423 ዛሬ ቢመዘገብ፣ በባለመብት መስመር ላይ ዳይምለር፣ በፈልሳፊ መስመር ላይ ማይባህ፣ ምናልባትም ሁለቱ አብረው፣ ይጻፉ ነበር። በ1885 ግን ሁለተኛው መስመር በቅጹ ላይ አልነበረም።